እስከዚያ ምን ትበላለህ?

ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ላይ ደርሶ ግራ ለገባው ወጣት የሚሰጠው ምክር ዛሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። አዳራሽ ሞልቶ የሚናገረው አነቃቂም፣ በቲክቶክ በሁለት ደቂቃ ሕይወት የሚያቃናውም፣ ከዩኒቨርሲቲ አብሮ የወጣው ጓደኛም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ራስህን ፈልግ፣ የምትወደውን ሥራ ለይ፣ ከለየህ በኋላ የያዝከውን ጣልና ተከተለው፣ ገንዘቡ ከኋላህ ይመጣል። ምክሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። «ችግርህ ውስጥህ ያለውን ወርቅ አለማወቅህ ነው» የተባለ ሰው ቢያንስ ወርቅ እንዳለው ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ግን ምክሩ ስህተት ነው። እኛ ሰሜን ወሎ ላለነው፣ ለላስታ፣ ለዋድላና ለመቄት ልጅ፣ ጨርሶ አይሠራም፤ ለአዲስ አበባው ልጅ የሚሠራ የሚመስለውም አዳሩንና ምሳውን የሚችልለት ቤተሰብ ስላለው ነው።

በዚሁ ጉዳይ አባት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ልጁ መምህርነቱን ወይም የግብርና ባለሙያነቱን ትቶ ሌላ ነገር ሊማር እንዳሰበ ሲነግረው አባት ጥቂት ዝም ይልና «እስከዚያ ምን ትበላለህ?» ይላል። አነቃቂዎቹ በዚህ ጥያቄ መሳለቅ ይወዳሉ፤ የድሮ ሰው ፍርሃት፣ የራእይ ማጣት አድርገው ያቀርቡታል፣ አዳራሹም ይስቃል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሥራ የሚያውቅ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ይኸው አንዱ ነው እላለሁ። አባትየው ገበሬ ነው። ከዘር እስከ አጨዳ ባሉት ወራት ቤቱ ምን እንደሚቀምስ ሳያሰላ የገብስ ማሳውን ወደ ባቄላ አይለውጥም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጋሸና እንሂድ፤ ያያት ያውቃታል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወልድያና የወረታ መንገድ ከላሊበላው መገንጠያ ጋር የሚገናኝባት፣ ብርዷ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ የደጋ ከተማ ናት። በስተደቡብ ደግሞ በኮን አድርጎ ወደ ወገል ጤና የሚያልፍ መንገድ አላት። ምሳሌ ለሚወድ ጸሐፊ ይህ ሁሉ መገንጠያ የተደገሰ ድግስ ነው፤ «መንታ መንገድ ላይ የቆመ ትውልድ» ብሎ ይጀምርበታል። እኔ ይቅርብኝ። ጋሸና ላይ መኪና የሚጠብቅ ሰው የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቢጎድለው የሚጎድለው መሳፈሪያው ነው።

በ2018 ሃያ ስምንት ዓመት የሚሞላው ሰው የተወለደው በ1990 ግድም ነው። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ መሬት የሚያገኘው ወይ ከወላጁ ድርሻ ተቆርሶለት፣ ወይ ተከራይቶ፣ ወይ የሰው ማሳ በእኩል አርሶ ነው። ስለዚህ «ከተማው እምቢ ካለህ ወደ ቀዬህ ተመለስ» የሚለው የመጠባበቂያ ምክር መሬት የለውም፤ እንዲያው ቃል በቃል የለውም።

ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ የገባው መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ባለበት ዘመን ነው። የት እንደሚማር፣ ምን እንደሚማር የወሰኑት ውጤቱ፣ የሞላው ቅጽና ይህ ኮታ ናቸው። ሊመረቅ ሲል ወይም እንደተመረቀ፣ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በ2013 ክረምት ውጊያው ላስታ ደረሰ፤ ላሊበላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዘዋወረች፣ ጋሸናም እስከ 2014 ድረስ ስሟ በዜና የሚጠራ ግንባር ሆነች። ጥቅምት 2015 ላይ ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ በተነሣው ሌላ ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንግዲህ ይህ ሰው ራሱን ያጣው በየትኛው ወር ላይ ነው? በአሥራ ስምንት ዓመቱ ምን እንደሚፈልግ ማንም አልጠየቀውም። በሃያ ስምንት ዓመቱ «ምን እንደምትፈልግ ስለማታውቅ ነው» ይሉታል። ሰውዬው የሚፈልገውን ያውቃል። ወር በገባ ቁጥር የማይሰበር ገቢ ይፈልጋል፣ የተማረው ሥራ ላይ እንዲውል ይፈልጋል፣ እኩዮቹ ወልደው ከብደው ሲያይ እሱም ጎጆ መቀለስ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ ምሥጢር አያስፈልገውም።

ምክሩ የሚፈርስበትን ቦታ በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ከጋሸና ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ። የላሊበላ አስጎብኚዎች የሚወዱትን ሥራ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። አስጎብኚው ትንሽ ልጅ ሆኖ እንግዳ እየተከተለ እንግሊዝኛ የለመደ፣ አድጎ ፈረንሳይኛ ወይም ጣልያንኛ የጨመረ፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መብራት ሳይዝ የሚዞር፣ ቤተ ጊዮርጊስን ለሺህኛ ጊዜ ሲያስጎበኝ እንደ መጀመሪያው ቀን ድምፁ የሚለወጥ ሰው ነው። ተሰጥኦና ዕውቀት ነበረው፣ ፈቃድም ይዟል፤ አነቃቂው የሚዘረዝረው ሁሉ ተሟልቶለታል፣ ገንዘቡም እንደተባለው ከኋላ ይመጣ ነበር። መጋቢት 2012 ላይ እንግዳው ቀረ። ከኮሮናው በኋላ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ገና እንግዳ ዐልፎ ዐልፎ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ የ2015ቱ ግጭት መጣ። የሚወደውን ሥራ የተከተለውን ሰው ሥራው ጥሎት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው ቁም ነገሩ። ከአስጎብኚነት፣ ከሆቴል መስተንግዶና ከዕደ ጥበብ ሽያጭ የወጡት ወጣቶች ወደ ንግድ፣ ወደ ባጃጅ፣ ወደ ቀን ሥራ፣ ወደ አዲስ አበባ ተበተኑ። ሌላ ሙያ ተምሮ በእግሩ መቆም የቻለው የትኛው ነው? ሰባት ስምንት ወር የሚያስጠጋው ዘመድ አዲስ አበባ ያለው፣ ወይም የሚያከራየው ክፍል ያለው፣ ወይም ድሮ ያስጎበኘው ፈረንጅ ያልረሳው ነው። ይህ ያልነበረው፣ እኩል ጎበዝ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ያገኘውን ያዘ፤ የያዘው ያዘው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስምንት ወር እንጀራ ነው። ራስን በማወቅና ባለማወቅ የሚገለጽ አንድም ነገር የለበትም።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ማስታወስም ይጠቅማል። የዚህ ስብከት ዋና ወንጌል በ2005 እ.ኤ.አ. የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ያደረገው ንግግር ነው። የሚወዱትን እስኪያገኙ እንዳያርፉ መክሯቸዋል። የእኛ አነቃቂዎች ይህንን ቆርጠው ያሠራጩታል። ሰውዬው በዚያው ንግግር ስለ ራሱ የተናገረውን ግን ያልፉታል፤ ኮሌጅ ካቋረጠ በኋላ በጓደኞቹ ክፍል ወለል ላይ ይተኛ ነበር፣ የኮካ ጠርሙስ እየመለሰ ሳንቲም ይለቅም ነበር፣ በሳምንት አንዴ ደኅና ምግብ ለመቅመስ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሐሬ ክሪሽና ቤተ መቅደስ በእግሩ ይሄድ ነበር። የዋድላ ሰው ይህን ቢሰማ ወዲያው ያውቀዋል፤ ቁራሽ ለምኖ ተማረ ይለዋል። ጓደኛው ወለሉን፣ ቤተ መቅደሱ ራቱን ችለውለታል።

ሌላው የአዳራሽ ምሳሌ አበበ ቢቂላ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ጳጉሜን 1952፣ ልክ 28 ዓመቱ ነበር፤ «ገና ነህ፣ አልረፈደም» ለማለት የተመቸ ዕድሜ። የማይነገረው አበበ ሲሮጥም የክብር ዘበኛ ወታደር መሆኑ ነው። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የመደቡለት ልምምድ ላይ ሲውል ደመወዙ ይታሰብ፣ ቀለቡ ይሰፈር ነበር። ሩጫ ልጀምር ብሎ ደመወዙን አልጣለም። ይህ ጀግንነቱን አንዲት ጠጠር አያጎድልበትም፤ ታሪኩን እየቆረጡ የሚሸጡት ሰዎች ግን ለወጣቱ ዋናውን ነገር ደብቀውታል።

አሁን ወደ ዋድላ ልመለስ። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ያፈራ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ንባብና ዳዊት ከቀጸለ በኋላ ቅኔ ፍለጋ ዋድላ ይመጣል ወይም ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ ድጓ ሲያምረው ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ከሆነ ደብረ ዓባይ፣ አቋቋም ከሆነ ጎንደር። ይህ ሰው በሃያ ስምንት ዓመቱ ሚስት የለውም፣ ቤት የለውም፣ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ይዞራል፣ የጀመረውን ትቶ ሌላ ይጀምራል። በዛሬ መለኪያ ከሱ የበለጠ የጠፋ ሰው የለም። ግን ጠፋ ብሎ የሚያዝንለት አልነበረም፤ ተማሪ ነው። ለምን? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ስላለች ነው። አገሩ በሙሉ፣ ውሻው ሲቀር፣ የተማሪውን የመሸጋገሪያ ዓመታት ተካፍሎ ይሸከም ነበር። መንገዱም በልብ ሹክሹክታ የሚመረጥ አልነበረም፤ የትኛው ሙያ በየትኛው ቤት እንደሚገኝ የታወቀ ነው፣ ከዚያ የወጣ ሰው ምን ሆኖ እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ያንን ኑሮ ላስውበው አልፈልግም። ረኃብና ተስቦ ነበረበት፣ ለሴት ልጅም በሩ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ከወግ አጥባቂነት የተነሣ አላነሣሁትም። አንድ ማኅበረሰብ ሰው ሙያ እንዲቀይር ከልቡ ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያሳይ ነው፤ ያበላዋል።

ዛሬም የሰሜን ወሎ ቤተሰብ ይህን ማድረግ ያውቅበታል፤ ለሌላ ጉዳይ ሆነ እንጂ። ዲግሪዋን ይዛ ሦስት ዓመት የተቀመጠች ልጅ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ በሬ ይሸጣል፣ አጎት ያበድራል፣ ጎረቤት ያዋጣል፣ ደላላው ይከፈለዋል። ያችው ልጅ ወልድያ ወርጄ ስድስት ወር ሙያ ልማር ብትል በሬው አይሸጥም። ለሷማ «እስከዚያ ምን ትበያለሽ?» ከመባሉ በፊት «መቼ ነው የምታገቢው?» ይቀድማል። ቤተሰቡ ጨካኝ ወይም ያልሠለጠነ ሆኖ አይደለም። ከሪያድ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት በዓይኑ አይቷል፤ የስድስት ወር ሥልጠና የሠራው ቤት ግን አላየም። አደጋውንም ያውቃል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን የመጡት ልጆች የዚህ አገር ልጆችም ነበሩ። ያም ሆኖ በሬው ይሸጣል፤ ያ መንገድ ክፉም ቢሆን ጫፉ ይታያላ። ደላንታም እንዲሁ ነው፤ በ2000 ግድም ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ በመዶሻና በመሮ ዋሻ የሚቆፍረው፣ ናዳ እንደሚገድል እያወቀ፣ ዛሬ የወጣ ድንጋይ ዛሬውኑ ስለሚሸጥ ነው። ለነዚህ ወጣቶች «ድፍረት ይኑራችሁ» ብሎ የሚሰብክ ሰው ማንን እያናገረ እንደሆነ ይግባው።

እንግዲህ የመንግሥቱን በኩል እንይ። ከ15 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ስብከት የዛሬው ተቃራኒ ነበር፤ ሥራ አትናቅ፣ ዲግሪህን ኪስህ ከተህ ኮብልስቶን አንጥፍ ይባል ነበር። ያኔ ወጣቱ የተወቀሰው መራጭ ሆነ ተብሎ ነው፤ አሁን የሚወቀሰው መምረጥ አልቻለም ተብሎ ነው። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ፤ በክልላችን በአብቁተ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው ተቋም፣ በኩል ይሰጥ ነበር። ብድር ነው፤ ተደራጅተህ፣ ቆጥበህ፣ የንግድ ዕቅድ አቅርበህ የምትወስደው የመነሻ ካፒታል ነው። ለምትማርበት ጊዜ ቀለብ አይሆንም። ቀለብ ያደረገው ሰው ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ የገባም ሞልቷል። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ነፃ ነው፣ ከስልክህ ሆነህ ትማራለህ። መልካም። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱ ነፃ ነው ማለት ተማሪውን ምንም አያስወጣውም ማለት አይደለም።

ሂሳቡን አንዴ በብር እንሥራው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር እንደሚሆን ተገልጾ ነበር። ሥራውን ለቅቆ ስድስት ወር ሌላ ሙያ የሚማር ሰው፣ ግብሩና ጡረታው ሳይቀነስ፣ 69,000 ብር ይቀርበታል። በዚህ ላይ ለእናቱ የሚልከው፣ ለታናሽ እኅቱ የደብተር፣ የወልድያ ቤት ኪራይ ይጨመር። ሥልጠናውን ሲጨርስም በማግሥቱ ሥራ አይቀመጥለትም፤ እንደገና ጥቂት ወራት ይጠብቃል። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው አነቃቂው መልስ የለውም። መልስ ስለሌለውም ጥያቄውን ፍርሃት ብሎ ሰይሞታል።

«ታዲያ ባለህበት እርገጥ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። የለም። የማይወዱትን ሥራ ሠላሳ ዓመት መጎተት ሰውን እንደሚያደርቅ ዐውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን የሚጠላ መምህር ለተማሪዎቹም ጠንቅ ነው። ሙያ መቀየር ይገባል፤ ሃያ ስምንትም፣ ሠላሳ አምስትም ለመቀየር አልረፈደም። የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ስንቁ ይታወቅ፣ ከዚያ በስንቁ ልክ የሚደረስበት ሥራ ይመረጥ። ስንቁ የሦስት ወር ከሆነ የሦስት ወር ሙያ፣ ከያዙት ሥራ አጠገብ ያለ ሙያ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በግ ማድለብ፣ አስጎብኚው ትርጉም ወይም ቋንቋ ማስተማር። ደመወዝ ሳይለቁ በቅዳሜና እሑድ ተሞክሮ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ዕቁብ የሚጥሉ ባልንጀሮች ካሉ ተራውን ለሚማረው ያስቀድሙለት፤ ተራ መለዋወጥ ድሮም ያለ ነው። ይህ አካሄድ ለአዳራሽ ጭብጨባ አይመችም። ሕልም ያሳንሳል ይሉ ይሆናል፤ አዎ ያሳንሳል። በየመናኸሪያው ትልቅ ሕልም ይዘው የደኸዩ ወጣቶች ስላሉ መጠነኛው ሕልም አይናቅም።

በተረፈ ይህን ሒሳብ ወጣቱ ብቻውን እንዲሠራው መተው ነውር ነው። መንግሥትም፣ ተራድኦ ድርጅቶችም፣ ባንኮችም ሥልጠና ሲያዘጋጁ አዳራሹን፣ አሠልጣኙን፣ ባነሩንና ውሃውን በበጀት ይይዛሉ። የሠልጣኙን እንጀራ ግን አይዙም፤ «ጥገኝነት ያለማምዳል» ይባላል። እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች አንድ ባለሙያቸውን ለሦስት ቀን ሥልጠና ከጋሸና ወደ ወልድያ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲልኩ ደመወዙ እንዳለ ሆኖ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ያስቡለታል፤ አበሉ ካልተፈቀደ አይሄድም፣ አለመሄዱም የሚያስደንቀው ሰው የለም። ሥልጠናውን ከፍቶ ስለ ተሰጥኦ የሚናገረው አነቃቂም ሒሳቡን ተቀብሎ ነው የሚነሣው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ክፍያ የተቀመጠው፣ ከሦስት ቀን በኋላም የስድስት ወር መንገድ በባዶ ሆድ እንዲጀምር የሚጠበቀው፣ ሥራ የሌለው የሃያ ስምንት ዓመቱ ልጅ ብቻ ነው።